ስለ ምጣዳችን የጠየቀችን አርክቴክት

ደብረ ብርሃን ላይ ቤታችንን የነደፈችልንን አርክቴክት በአደባባይ ለማመስገን ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ክረምቱንም በጋውንም በቤቱ ውስጥ ሳላሳልፍ አልጽፍም ብዬ ነበር፤ እነሆ ዓመት ሞላን።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ስለ ክፍሎች ብዛት ትጠይቀናለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ባለቤቴ ዞር ብላ «እትዬ፣ እንጀራ በሳምንት ስንት ጊዜ ይጋገራል? በስንት ሰዓት?» አለቻት። ቀጥላም የ12 ወር የመብራት ክፍያ ደረሰኝ ጠየቀችን። ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በቤታችን ካለው ዕቃ ሁሉ የሚስተካከለው የለም። ማታ ከተጋገረ ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል፤ ባትሪ ደግሞ ገንዘብ ይበላል። ቀን ከ4 እስከ 7 ሰዓት ከተጋገረ ግን ከፀሐይዋ በቀጥታ መውሰድ ይቻላል። ባለቤቴ እሺ አለች። በዚያች እሺታ ብቻ ልንገዛው ያሰብነው ባትሪ በግማሽ አነሰ።

ከእርሷ በፊት ያነጋገርኩት ባለሙያ ያመጣልኝ ንድፍ ዙሪያውን የአርማታ ምሰሶ፣ ወደ መንገዱ ሰፊ መስተዋት፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ 14 የሶላር ፓነል ነበረው። እርሷ ከሌላው ጫፍ ጀመረች። ቤቱ የሚፈልገውን ኃይል አስቀድማ ቀነሰች፤ ፓነሉ መጨረሻ ላይ መጣ፤ 6 ብቻ፣ እያንዳንዱ 550 ዋት። ገላ መታጠቢያውን የሚያሞቀው ጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ታዲያ በእነዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ትልልቆቹን መስኮቶች በደቡብ በኩል አደረገቻቸው፤ ወፍራሙ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሰዋል። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች፣ በሸክላ አፈር ውሃ ተለውሶ የደረቀ የገብስ ጭድ አስነጠፈች። ጋቢያችንን አልጣልንም፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን አልገዛንም።

ስለ ግድግዳው ትንሽ ልቆይበት፤ የአፈር ብሎኬት ነው። የግቢያችንን አፈር በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጣ አሳደረችው፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ እንዴት እንደተኛ አሳየችኝና «መምህር፣ ይህ አይሆንም» አለች። ጥቁር ዋልካ ነበር፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከመሠረቱም አስወጥታ በተመረጠ አፈር አስተካች። ለብሎኬቱ ቀይ አፈር ከሌላ ቦታ መጣ። ከ100 እጅ 6 እጅ ያህል ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት፣ በእጅ በሚሠራ ማሽን ተጨምቆ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ውሃ እየጠጣ 28 ቀን ቆየ። እሳት አላየም፤ ማገዶም አልፈጀም። እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ ያለው የአካባቢው ድንጋይ ነው።

«መብራታችን አብዛኛው ከግድብ ውሃ ነው፤ ታዲያ የካርቦን ነገር ለእኛ ምን ያስጨንቀናል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። የመለሰችልኝን ለተማሪዎቼ ብነግራቸው ደስ ባለኝ። በእኛ አገር ቤት ከአምፖሉ ይልቅ በግንባታው ነው ብዙ ካርቦን የሚለቀው አለች። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ይጋገራል፤ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላዩ ከማገዶው ሳይሆን ከድንጋዩ ከራሱ ነው። ስለዚህ ምድጃውን በንጹሕ ኃይል ብናነድደው እንኳ ልቀቱ አይቀርም። ያለው መንገድ በትንሹ መጠቀም ነው። በአዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር በአፈር የገነቡትን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ፎቶ ያሳየችኝም ያኔ ነው። የአፈር ቤት የድሃ ቤት ነው የሚለው ሐሳብ ከጭንቅላቴ የወጣው በዚያ ቀን ነው።

የእኛ ቤት በመጀመሪያው ግምት 210 ኩንታል ሲሚንቶ ይፈልግ ነበር፤ 120 ላይ ጨረስነው። ቁጠባው የመጣው ምሶሶውንና የውጭውን ልስን በመተው ነው። ነገር ግን ሁሉን አልቀነሰችም። በታኅሣሥና በጥር 2017 የፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ግድግዳችን ገና እየወጣ ነበር። ከግድግዳው ጫፍ ላይ ቤቱን እንደ መቀነት የሚያስረውን የአርማታ ማሰሪያና የማዕዘኖቹን ፌሮ እንቀንስ ብዬ ተከራክሬያት ነበር። «በዚህ ላይ አንዲት ብረት አልቀንስልዎትም» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ውጤቱን የፓነሎቹን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን ከሚቀይረው መሣሪያ፣ ከኢንቨርተሩ ላይ በየወሩ በደብተር እመዘግባለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ከብዶ ከመብራት ኃይል ወስደናል። ከመስከረም በኋላ ግን ትርፍ ስላለን ጎረቤቶቻችን ሊጥ ይዘው እየመጡ እኛ ቤት ይጋግራሉ። የ12 ወሩ ሲደመር ፓነሎቹ ያመነጩት ቤቱ ከፈጀው በጥቂቱ በልጧል፤ የጎረቤቶቹን እንጀራ ጨምሮ ማለቴ ነው።

ሊያሠራት ለሚያስብ እውነቱን ልንገር። ብሎኬቱ እስኪጠነክር መጠበቅ ግድ ስለሆነ ሥራው ከታሰበው ሁለት ወር ዘግይቷል። ቀን ስልክ አታነሳም፤ ግንባታ ላይ ናት፤ ማታ ግን መልሳ ትደውላለች። ክፍያዋ ቁርጥ ነው፤ ከግንባታው ወጪ በመቶኛ አታስብም፤ የቤቱ ወጪ ስለናረ የምታገኘው ነገር የለም። ብሎኬቱን ያመረቱት ወጣቶችም እርሷ ያሠለጠነቻቸው ናቸው፤ እነርሱንም ለብቻቸው ማሠራት ይቻላል። በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሰው እርሷን አስፈቅጄ ስልኳን እልካለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የዓመት የመብራት ደረሰኛችሁን ሰብስቡ፤ መጠየቋ አይቀርም።

ልጄ፣ ይህን ካነበብሽ እኔም ባለቤቴም ከልብ እናመሰግንሻለን። ሐሙስ ሐሙስ ከ4 ሰዓት ጀምሮ እንጀራ ይጋገራል፤ በዚህ በኩል ስታልፊ ግቢ።