ቀለሙን አይታችሁ ቆርቆሮ አትግዙ

ለቤታችሁ ባለ ቀለም ቆርቆሮ እያማረጣችሁ ያላችሁ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። «ያው ነው፤ ቀለሙም ውፍረቱም አንድ ነው፣ ይሄኛው ግን ዋጋው ቀነስ ይላል» የሚሏት ነገር አለች። አብዛኛውን ጊዜ ያው አይደለም።

መሃል ላይ ብረት አለ። ብረቱን በሁለቱም ፊት ዚንክ፣ ወይም የአሉሚኒየምና የዚንክ ድብልቅ ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ ቀለሙን የሚያስይዝ ስስ ቅብ፣ ከዚያም የምናየው ቀለም ይመጣል። የተለመደው የፊት ቀለም ከነሥረኛው ቅብ 25 ማይክሮን ገደማ ነው። አንድ ሚሊሜትር 1000 ማይክሮን ነው። ሻጩ ናሙናውን ፀሐይ ላይ እያገላበጠ የሚያሳያችሁ እንግዲህ ያቺን ነው።

ትልቁ ሸወዳ ውፍረቱ ላይ ነው። «0.40 ነው» ሲሏችሁ «የምኑ?» በሉ። ቁጥሩ የብረቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከነዚንኩና ከነቀለሙ የተለካም ሊሆን ይችላል። በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ ባለው ቆርቆሮ ላይ የሁለቱ ፊት ዚንክ ተደምሮ 40 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። የፊትና የጀርባው ቀለም ሌላ 30 ምናምን ይጨምራል። ስለዚህ ከነቅቡ ተለክቶ 0.40 በወጣው ቆርቆሮ ውስጥ ብረቱ 0.33 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብረቱን ብቻ የለካውም ከነቅቡ የለካውም ሻጭ ደረሰኙ ላይ 0.40 ብለው ይጽፋሉ፤ ሁለተኛው ግን ከብረቱ ስድስተኛውን ያህል ቀንሶባችኋል። ዋሸ ለማለት እንኳ አይመችም፣ ምክንያቱም ያልጠየቃችሁትን አልነገራችሁም።

ይህን ለማጣራት ሚዛን ይበቃል። አንድ ካሬ ሜትር ብረት በየሚሊሜትር ውፍረቱ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የ0.40 ብረት ብቻውን በካሬ ሜትር 3.14 ኪሎ ነው። አንድ ቅጠል ቆርቆሮ አስመዝኑና ኪሎውን ለስፋቱ (ርዝመቱ በወርዱ ተባዝቶ) አካፍሉት። ወርዱን ስትለኩ ግን ከጫፍ ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ አትለኩ፤ ክር በሞገዱ ላይ እያስተኛችሁ ለኩ፣ ብረቱ እዚያ እጥፋት ውስጥም አለና። ከ3.14 በታች ከወጣ፣ ዚንኩና ቀለሙ ተደምረውበት እንኳ ብረቱ 0.40 አልሞላም። ፋብሪካዎች ትንሽ የመለኪያ ልዩነት ይፈቀድላቸዋል፤ ልዩነቱ ሰፋ ካለ ግን «ልዩነት ነው» የምትለዋን ምክንያት አትቀበሉ።

በጌጅ፣ ማለትም በውፍረት መለያ ቁጥር፣ የሚሸጥላችሁም ካለ በሚሊሜትር እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ጌጁ ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 32 ከ28 ይበልጣል ብሎ ተደስቶ የሚገዛ ሰው አይጠፋም። ደግሞ አንዱ ሠንጠረዥ ላይ 28 ጌጅ 0.40 ገደማ ነው፣ ሌላው ላይ 0.47።

አሁን ወደ ዚንኩ። ጣሪያችሁን ከዝገት የሚያተርፈው እሱ ነው፤ ቀለሙ ተጭሮ ወይም ቆርቆሮው ተቆርጦ ብረቱ ሲጋለጥ ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ራሱ ይበላል። ሲያልቅ ጥበቃውም ያልቃል። ስለዚህ ያው ቦታ ላይ ዚንኩ በግማሽ ሲቀንስ የሚከላከልበት ዕድሜም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ዜድ 275 የተባለው፣ ያ በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ ያለው፣ በየፊቱ 20 ማይክሮን ገደማ አለው። ዜድ 60 የሚባለው አራት ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። ከላይ ሲታዩ መንትያ ናቸው! የአሉሚኒየምና የዚንክ ድብልቅ የሆነው ኤዜድ 150 ቁጥሩ ቢያንስም አትደንግጡ፤ አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ የቅቡ ውፍረት ከዜድ 275 ጋር ይቀራረባል።

ከዚህም የባሰ አለ። ዚንክ የሚባል ሳይነካው ብረቱ ላይ በቀጥታ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ። ቁራጭ ናሙና ተቀበሉና የጀርባውን ቀለም በቀለም ማስለቀቂያ አንሱት። ከዚያ በጨው ውኃ የራሰ ጨርቅ ሸፍናችሁ አሳድሩት። ጠዋት ቀይ ዝገት ካያችሁ ያያችሁት እርቃኑን የቀረ ብረት ነው። ዚንክ ቢሆን ነጭ ነገር ያወጣ ነበር። ናሙና አልሰጥም የሚል ሻጭ ደግሞ መልሱን ሰጥቷችኋል።

«የ20 ዓመት ዋስትና» የሚለው ወረቀት ላይ ብዙ ልብ አትጣሉ፣ ወይም ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ዋስትናው የሚሠራው ቆርቆሮው ተበልቶ ሲበሳ ብቻ ነው፤ የቀለም መደብዘዝ አይገባበትም። ባሕር ዳርቻ ወይም ጭስ የሚበዛበት ፋብሪካ አጠገብ ከሆናችሁም ከነጭራሹ ላይሠራ ይችላል። ክፍያውም በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ አለ። ደማቅና ፀሐይ የማይችል ቀለም ለሚመርጥ ሰው መደብዘዙ አለመካተቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ምስማሩም ትንሽ ልበል። «ምስማሩን በነጻ» የሚለው ስጦታ ያጠራጥረኛል። ጥሩ ቆርቆሮ ላይ የሚመታ ርካሽ ምስማር ቀድሞ ይዝጋል፣ ላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ውኃውም በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ሠራተኛው በግራይንደር ሊቆርጥ ሲነሳም አስቁሙት። የሚበተነው ፍንጣሪ ቀለሙን ያቃጥላል፣ የብረት ብናኙም እዚያው ተጣብቆ ይዝጋል። የቆርቆሮ መቀስ ይጠቀም።

ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ የብረቱ ውፍረት ለብቻው፣ የዚንኩ ግራም በካሬ ሜትር፣ የቀለሙ ዓይነትና ማይክሮን፣ የአምራቹ ስም። ደህና አምራች ብዙ ጊዜ ከጀርባው ላይ ያትመዋል፤ ደረሰኙ ከእሱ ጋር መግጠም አለበት። ዕቃው ሲመጣም ከመኪና ሳይወርድ አንዱን ቅጠል አስመዝኑ። ተደራርቦ ውኃ ገብቶበት ነጭ የዱቄት ነጠብጣብ ያወጣ ካለም አትቀበሉ። ካልገጠመ መኪናው እንደጫነ ይመለስ።