ለእማዬ የገዛሁት የግፊት መለኪያ

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት ለእማዬ የክንድ ዲጂታል የደም ግፊት መለኪያ ገዛሁ። በጣም ወድጄዋለሁ።

መጀመሪያ ሻጩን ላመስግን። ዕቃውን ሳያወጣ ሜትር አነሳና «ማዘር፣ ክንድዎን ልለካዎት» አላት። የሚጠቀለለው ጨርቅ ለክንድ ከጠበበ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። ለእማዬ የሚሆናት ሰፊው ነበር። ክንድ ሳይለካ ከሚሸጥ ሰው አትግዙ።

ጠዋትና ማታ እየለካን ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርን። ጉልበቷን አሟት ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በወሰደች ቁጥር ግፊቱ ይወጣል። ደብተሩን ለሐኪሟ ስናሳያት ወዲያው ገባት።

ነገሩ ያለው ኩላሊት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ማስታገሻ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል። በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲበዛ ልብ የምትገፋው ደምም ይበዛል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ሌላው የግፊት መነሻ የትንንሾቹ ደም ሥሮች መጥበብ ነው። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲያንስ ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃል፤ በሱ ሰበብ አንጂዮቴንሲን ይፈጠራል። አንጂዮቴንሲን ደም ሥሮችን ያኮማትራል፤ አልዶስትሮን የተባለውን ሆርሞን ቀስቅሶም ጨው በሽንት እንዳይወጣ ያደርጋል። እማዬ የምትወስደው የግፊት መድኃኒት፣ ኢናላፕሪል፣ የሚሠራው ይህን መንገድ በመዝጋት ነው። ማስታገሻው ደግሞ የኢናላፕሪሉን አቅም ያዳክመዋል! ይህን ስሰማ ለደብተሩ ያለኝ ፍቅር ጨመረ። ምክንያቱም ከመቶ 90 በላይ በሚሆኑት የግፊት ሕመምተኞች «ይኸው ነው» የሚባል አንድ መንስኤ አይገኝም። ዘር፣ ዕድሜ፣ ጨው፣ ውፍረት ተደራርበው ነው የሚያመጡት።

ሐኪሟ ማስታገሻውን ቀየረችላት። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ስለገባበት ወጡ ላይ መጨመሩን ተውን። የዓለም ጤና ድርጅት ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ነው የሚለው። አሁን ቤት ስንለካት አብዛኛውን ጊዜ ከ135/85 በታች ነች።

ቅር ያለኝ መመሪያው በአማርኛ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ዋናውን ልንገራችሁ፦ ከመለካት በፊት 30 ደቂቃ ቡና አይጠጣም። ሽንት መሽናት፣ ጀርባን አስደግፎ 5 ደቂቃ ማረፍ፣ እግር አለማነባበር፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ፣ ሲለካ አለማውራት። የልብ ምቱ የሚዛባ ሰው ከሆነ ግን እንዲህ ያለው መለኪያ ሊሳሳት ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።