የፊት ፍሬን ለሰለሰባችሁ? ደሴ ላይ የማመሰግናቸው መካኒክ አሉ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሞተር ለምትነዱ። ይህን የምጽፈው አንድ መካኒክን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሜን አታውጪው ስላሉኝ ስማቸውን እተዋለሁ። ሥራቸውን ግን ልናገር፤ እሱን አልከለከሉኝም።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር ነው፤ የምዞረውም በራሴ አፓቼ ሞተር ነው። የሐረጎን ቁልቁለት የማያውቅ የደሴ ሰው የለም። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ተነስታችሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ወዳለችው ኮምቦልቻ ትወርዳላችሁ። ከፊት የተጫነ ሲኖትራክ፣ ከኋላ የሚቸኩል ሚኒባስ። እዚያ ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ትርፍ ነገር አይደለም። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የኋላው ብቻውን አጥብቆ ከተያዘ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል።

የእኔ የፊት ፍሬን የለሰለሰው አንድ ጋራዥ የተሰነጠቀውን የፍሬን ቱቦ ከቀየረልኝ በኋላ ነው። ስጨብጠው ገና ከመጀመሪያው መያዝ ሲገባው ወደ መሪው ድረስ ይሰምጣል። ቶሎ ቶሎ ደጋግሜ ስጨብጠው ይጠነክራል። ትንሽ ቆይቼ ስይዘው ያው ለስላሳ ነው። እዚያው ጋራዥ መለስኩት፤ የፍሬን ዘይት ውስጥ የገባ አየር ፍሬን ያለሰልሳልና አየር አወጡለት። ለጥቂት ቀን የተሻለ መሰለ፣ ከዚያ ተመለሰ። ደግመው አወጡ፤ ደግሞ ተመለሰ። በመጨረሻ «ማስተሩ ሞቷል፣ ሙሉውን ግዢ» አሉኝ። ማስተር የሚሉት እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱን ወደ ታች የሚገፋውን ዕቃ ነው። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም ልገዛ ወስኜ ነበር። «መጀመሪያ እሳቸው ይዩልሽ» ብላ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ወዳሉት ጋሼ የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እሷንም አመሰግናለሁ።

ጋሼ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ። መቼ ጀመረ? ቱቦው ከመቀየሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የፍሬኑ ዘይት ይቀንሳል? ጠዋት ስታስነሺውም ለስላሳ ነው ወይስ ቁልቁለት ከወረድሽ በኋላ ነው? አንዱም ጥያቄ ለወሬ አልነበረም። ቁልቁለት ላይ ብቻ የሚለሰልስ ፍሬን ዘይቱ ውሃ የጠጣ ሊሆን ይችላል። ዘይት የሚቀንስ ከሆነ የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ ወይም ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው ፓድ አልቋል። የእኔ ጠዋትም ማታም ያው ነበር፤ ዘይቱም አልቀነሰም።

ቀጥሎ ያደረጉትን ሁላችሁም ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የፍሬኑን እጀታ ደጋግሜ ጨብጬ እንዳጠነክረው አዘዙኝ። «አሁን አጥብቀሽ ያዢው፤ እንዳትለቂ» አሉኝ። እሳቸው አጎንብሰው እጄን ሳይሆን እጀታውን ያያሉ። በተያዘበት ቀስ እያለ ወደ መሪው ከሰመጠ ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ዘይት ያሳልፋል፣ ወይም ውጭ የሚፈስ ነገር አለ ማለት ነው። ባለበት ከቆመ ግን ማስተሩ ግፊቱን ይዟል። ጣቶቼ እስኪዝሉ ያዝኩት። ቅንጣት አልተነቃነቀም። ከእጀታው ሥር ያለችውን የአቧራ ጎማ ገልጠው በጣታቸው ዳሰሱ፤ ደረቅ ናት። «አብሽሪ፣ ማስተርሽ አልሞተም» አሉኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ ባለሞተር ያውቀዋል።

ቱቦውን ደግሞ እኔ ፍሬን ስጨብጥ በመዳፋቸው ይዘው ከላይ እስከ ታች አዳመጡት፤ የሚያብጥበት ቦታ የለም። የፊት ጎማውን አንስተው አሽከረከሩ፤ ዲስኩ አይወላገድም። ጎማውን ግራና ቀኝ ነቀነቁት፤ ኩሽኔታውም ደህና ነው። እነዚህን ለምን እንደሚያዩ ሲያስረዱኝ፣ የተጣመመ ዲስክ ወይም የላላ ኩሽኔታ በሚነዳበት ጊዜ ፓዶቹን ወደ ኋላ ስለሚገፋቸው እጀታው መጀመሪያ ሲጨበጥ ባዶ ይሄዳል አሉ። ምልክቱ አየር ከገባበት ፍሬን ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስተዋል።

ከዚያ ካሊፐሩን፣ ማለትም ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል ፈቱት። ፓዶቹን አውጥተው ጎን ለጎን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አንደኛው በአንድ ጠርዙ ወፍራም፣ በሌላው ሳስቷል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ፤ አንዱ በጣት ሲገፋ ይሄዳል፣ ሌላው ደርቆና ዝጎ አልንቀሳቀስ ብሏል። ካሊፐሩ በአንድ ጎኑ ተይዞ ሲጫን ይጣመማል። ስለዚህ እጀታውን ስጨብጥ ግማሹ ጉልበቴ የሚባክነው ብረቱን ለማጣመም ነበር። አየር ብቻ ቢወጣለት ይህ አይድንም። ፒኑን በሰንፔፐር አጽድተው ለፍሬን ጎማ የሚስማማ የሲሊኮን ግራሶ ቀቡት። ተራ ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋልና አትሞክሩት።

ዋናው ግን አየሩ ነው። ያ ጋራዥ አየር ያወጣው ከታች፣ ካሊፐሩ ላይ ካለችው ማስተንፈሻ ብቻ ነበር። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ቱቦው ከማስተሩ ጋር የሚገናኝበት ባለ ቀዳዳ ቡሎን ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ እዚያ የተቀመጠ አረፋ ዘይቱ ወደ ታች ሲገፋ ጥቂት ይወርድና እጀታው ሲለቀቅ ይመለሳል። ጋሼ ቡሎኑን በጨርቅ ጠቀለሉት። እኔ ጨብጬ ስይዝ እሳቸው ትንሽ ላላ አደረጉት። «ሽሽ» አለና ነጭ አረፋ የቀላቀለ ዘይት ጨርቁ ላይ ወጣ። እኔ ሳልለቅ መልሰው አጠበቁት። ንጹህ ዘይት ብቻ እስኪመጣ ደጋገምነው። ቀድሞ የነበሩት የመዳብ ሮንዴላዎች ተጨፍልቀው ስላገኟቸው በአዲስ ቀየሯቸው፤ ቱቦ ሲቀየር አብረው መቀየር ነበረባቸው።

ከዚያ ወደ ታች ወረድን። ማስተንፈሻዋ ላይ 8 ቁልፍ አስገቡ፣ በላዩ ቀጭን ግልጽ ቱቦ ሰኩ። ቱቦውን አየሁት፤ እኔ በየቀኑ ለላም የምሰቅለው የግሉኮስ ቱቦ ነው! ጫፉ ሃይላንድ ውስጥ ባለ ዘይት ውስጥ ተነክሯል፤ አየር ተመልሶ እንዳይገባ። እኔ እጨብጣለሁ፣ እሳቸው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ከዚያ እለቃለሁ። ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየር ይስባል። በመሃል በመሃል የላይኛውን ዕቃ ዘይት ይሞላሉ፤ እዚያ ካለቀ ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። መጀመሪያ ቡና የመሰለ ዘይት ወጣ። ቀጥሎ ትናንሽ አረፋዎች በቱቦው ውስጥ ተከታትለው አለፉ። መጨረሻ ላይ እንደ ማር የጠራ ብቻ።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችን የምንዘናጋበት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው መለኪያ ግን 155 ነው። ዶት 3 ከዚህም ያንሳል፤ 205 እና 140። ሐረጎን ፍሬን ይዛችሁ ስትወርዱ ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይደርሳል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። እጀታው መሪው ላይ ይደርሳል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። ጋሼ ስለዚህ ከወራት በፊት ተከፍቶ ከተቀመጠ ዕቃ አይቀዱም። የታሸገ አስገዝተውኝ እፊቴ ከፈቱት። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብበው ነው ዓይነቱን የነገሩኝ። ቀለም ላይ ጠብ ያለውንም ወዲያው በውሃ አጠቡት፤ ቀለም ይልጣልና።

የገዛሁት አዲስ ፓድ፣ አንድ ዕቃ ዘይትና ሮንዴላዎቹን ነው። ከእጅ ዋጋቸው ጋር ተደምሮ ለማስተሩ ከተጠየቅኩት ሲሶ አይሞላም። እንደ እኔ እምነት የከፈልኩት ለመፍታትና ለመግጠም አይደለም፤ ችግሩን ፈልገው ስላገኙት ነው። ያ ጥያቄና ያ ፍተሻ ነው ገንዘቤን ያዳነው፤ ከገንዘቤም በላይ ነፍሴን።

ሌላም አለ። ጋራዥ ስሄድ «ወንድምሽን ላኪው» የሚለኝ አላጣም። እሳቸው ግን እያንዳንዱን ነገር አሳይተው አስረዱኝ። ፒኑን በገዛ እጄ እንድገፋው አደረጉ። ሲጨርሱም ቁልፉን አልሰጡኝም፤ መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ሞተሩን እየገፋሁ ፍሬን እንድይዝ አደረጉኝ። ከዚያ ቀስ ብዬ በሜዳው እንድነዳ። «ፓዱ አዲስ ነው፣ እስኪለምድ ድረስ በድንገት አትያዢው፤ ወደ ሐረጎም ዛሬ እንዳትወርጂ» ብለው አስጠነቀቁኝ። አሁን እጀታው በሁለት ጣት ይበቃዋል፤ ሲያዝ ድንጋይ ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ የሚሠሩት ብቻቸውን ስለሆነ ሰልፍ አለ። ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል። አርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ። ሲሉ የሰማሁት ነውና ልንገራችሁ፣ «ቶሎ በል» የሚላቸውን ደንበኛ አይወዱም። ሞተራችሁ ላይ ከዚህ በፊት ምን እንደተሠራ አስታውሳችሁ ሂዱ፤ መጠየቃቸው አይቀርም። ቦታውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበችልዎ፦ አላህ ይስጥልኝ። እጅዎን ይባርከው፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።