«አንተ ገና ፎሪነር ነህ» ለሚላችሁ ሰው 250 ዶላር እንዳትከፍሉ

ይህን የምጽፈው በዲቪ ወይም በቤተሰብ አሜሪካ ገብታችሁ፣ ግሪን ካርድ ይዛችሁ ሥራ ለምትጀምሩ ነው። እኔ ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በኮንትራክተርነት ዕቃ ማድረስ ልጀምር ስል ድርጅቱ ደብሊው ናይን የሚባል፣ ለሚከፍልህ ድርጅት ስምህንና የታክስ ቁጥርህን የምትሰጥበት ፎርም ሙላ አለኝ። ሳየው ፈራሁ። ሶሻል ቁጥር ይጠይቃል፤ በሐሰት መፈረም እንደሚያስቀጣም ተጽፎበታል። «እሱ ያውቃል» ተብዬ አንድ ታክስ የሚሠራ የአገር ልጅ ጋ ሄድኩ። ከሱቅ ጀርባ አንድ ጠረጴዛና አንድ ፕሪንተር። ሰውየው ምላሱ ቅቤ ነው፤ ቡና ሁሉ ጋበዘኝ።

«ይሄ የዜጎች ነው። አንተ ገና ፎሪነር ነህ። በዚህኛው ከሞላህ ታክስ አይነካህም» አለና የውጭ አገር ሰው የሚሞላውን ፎርም፣ ደብሊው ኤይት ቤን አወጣ። ቋሚ አድራሻ በሚለው ቦታ ኮልፌ ያለውን የእናቴን ቤት ጻፈ። የታክስ ስምምነት በሚለው መስመር ኢትዮጵያ፣ የታክሱ መጠን ዜሮ። ፈረምኩ። 250 ዶላር በካሽ። ደረሰኝ ስለው ሳቀ።

የመጀመሪያው ክፍያዬ 1,840 ዶላር ነበር። አካውንቴ የገባው 1,288። ብደውል የሒሳብ ክፍሏ ሴት ረጋ ብላ አስረዳችኝ። የውጭ አገር ሰው ነኝ ብለህ ፈርመሃል፤ የውጭ ሰው አሜሪካ ውስጥ ለሠራው ሥራ ሲከፈለው 30 በመቶ ይቆረጣል። ዜሮ ያልከውም አይሠራም፤ አሜሪካና ኢትዮጵያ የገቢ ታክስ ስምምነት የላቸውም።

ማታ የፈረምኩትን ፎርም ራሴ አነበብኩት። የሚያናድደው መልሱ እዚያው አናቱ ላይ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ከሆንክ ይህን አትጠቀም፣ ደብሊው ናይን ሙላ ይላል። ለታክስ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ነዋሪ ነው። ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ መሆኑ ለውጥ የለውም። ግሪን ካርድ የሌለውም ቢሆን እዚህ በቆየበት ቀን ብዛት ነዋሪ ሊባል ይችላል። የተማሪ ቪዛ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት አይቆጠሩም።

ደብሊው ናይን ሞላሁ ማለት ታክስ ቀረልኝ ማለት አይደለም። ድርጅቱ ሙሉውን ይሰጣችኋል፤ እናንተ ከዚያ ላይ ለታክስ እያስቀመጣችሁ በየሩብ ዓመቱ ትከፍላላችሁ። ፎርሙን አልሞላም ብትሉ ደግሞ 24 በመቶ ይቆረጥባችኋል። ፎርሙ የሚሰጠው ለከፋዩ ድርጅት ነው እንጂ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ለአይ አር ኤስ፣ አይላክም። የኔን 10 ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ከገንዘቡ በላይ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሰውየው «በታክስ ሰሞን ናና የፎሪነሩን ታክስ እሠራልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። 1040 ኤን አር የሚባለውን፣ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚሞላውን የዓመት ታክስ ፎርም ማለቱ ነው። ዜግነት ስታመለክቱ የምትሞሉት ኤን 400 ግሪን ካርድ ከያዛችሁ ወዲህ ታክስ ላይ ነዋሪ አይደለሁም ብላችሁ ታውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። አንድ ፊርማ ከዓመታት በኋላ ምን ጣጣ እንደሚያመጣ አስቡት።

አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ በኮምፒውተር ለአሜሪካ ድርጅት የምትሠሩ ግን ደብሊው ኤይት ቤን የእናንተ ነው። እሱም በነጻ ይገኛል። «በስምምነት አስቀንሳለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትስሙ። እዚያው አገር ቤት ሆናችሁ የምትሠሩት ሥራ ለአሜሪካ ታክስ የሚዳርግ ገቢ አይደለም፤ የኢትዮጵያው ግብር ግን አይቀርም።

የተቆረጠብኝ 552 ዶላር አልጠፋም። ድርጅቱ የተቆረጠብኝን የሚያሳይ 1042 ኤስ የሚባል ወረቀት ላከልኝ፤ በዓመቱ መጨረሻ ታክሴ ላይ አስያዝኩት። 250ዋን ግን አጨብጭቤ ቀረሁ። ታክስ የምታሠሩ ከሆነ ሰውየው ከአይ አር ኤስ የተሰጠው የአዘጋጅ ቁጥር እንዳለው ጠይቁ፤ በሠራው ላይ ስሙን ጽፎ የማይፈርም ከሆነ ተነሱና ውጡ።

ገንዘቤን መልስ ልል ተመልሼ ሄጄ ነበር። «ፎርም ሙላልኝ አልክ፣ ሞላሁልህ» አለኝ። ሦስት ሰው ወረፋ ይዟል። አንዷ ልጅ እጇ ላይ ደብሊው ናይን ነበር። በር ላይ ጠርቼ ነገርኳት።