አሠሪው የሚሰጠው ቤት ወይስ የራስ ኪራይ?

ለጥቂት ወራትም ሆነ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ሥራ ውጭ አገር ስትሄዱ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ የቤት ጉዳይ ነው።

አሠሪው የሚሰጠው ቤት መጀመሪያ ላይ ትልቅ እፎይታ ነው። ሻንጣችሁን አስቀምጣችሁ በማግሥቱ ሥራ ትገባላችሁ። መብራቱም ኢንተርኔቱም አያሳስባችሁም። ግን ቤቱ ብዙ ጊዜ ከሥራ ውሉ ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ሲቆም ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ከአለቃ ጋር ስትጋጩ ማደሪያችሁም ያሳስባችኋል፤ ይሄ ቀላል ጭንቀት አይደለም። ማታም የምታገኙት ቀን አብረዋችሁ የዋሉትን ሰዎች ነው፤ ወሬውም ያው የሥራ ወሬ።

የራስ ኪራይ አጀማመሩ ይከብዳል። አከራዩ የደመወዝ ማስረጃ ይጠይቃል፤ እናንተ ደግሞ ገና ደመወዝ አልወሰዳችሁም። ማስያዣም አለ። ጀርመንን ብንወስድ ሕጉ እስከ 3 ወር ኪራይ ድረስ ማስያዝ ይፈቅዳል። ቤት ከገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥም አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ለዚህ የአከራዩ ማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። የትም ሁኑ የት፣ ቁልፍ ስትረከቡ የግድግዳውን ጭረት፣ የምድጃውን ሁኔታና የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ስትወጡ ስለ ማስያዣው ክርክር ቢነሳ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ድካሙ ግን ይካሳል። ጎረቤት ታውቃላችሁ፤ ቋንቋውም የሕንፃው ደረጃ ላይ ሰላም ስትባባሉ ቀስ በቀስ አፋችሁ ላይ ይገባል።

ቆይታው ከስድስት ወር በታች ከሆነ የአሠሪውን ቤት ውሰዱ እላለሁ። ከዚያ ከበለጠ፣ በተለይ ቤተሰብ ካለ፣ ተከራዩ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ለመልቀቅ ስንት ወር ቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግ ውሉ ላይ አንብቡ።