የጓሮ መዋኛ ገንዳ በጣና ዳር፦ አርማታ፣ ብሎኬት፣ ፋይበርግላስ ወይስ ሸራ?

ባሕር ዳር ላይ ገንዳ ሊያሠራ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሴራሚኩ ቀለም ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ከጉድጓዱ ሥር ያለው ነው። የጣና ውሃ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ ግንቦት ላይ ደረቅ የነበረ ጉድጓድ መስከረም ላይ ውሃ ያቁራል። ቁስ ከመምረጥዎ በፊት የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ በመስከረምና በጥቅምት ስንት ሜትር ላይ እንደሚቆም ይለኩ።

8 በ4 ሜትር የሆነ፣ 1.5 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ እንውሰድ።

አርማታ ከሆነ፣ ወለሉም ግድግዳውም 20 ሳንቲሜትር ሲወፍር 15 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈጃል። በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ሲታሰብ 54 ኩንታል፣ ማለትም 108 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው። ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ በየ20 ሳንቲሜትሩ፣ በሁለት ረድፍ የተለመደ ነው፤ በዋልካ መሬት ላይ ግን መሐንዲስ ያስላው። ሁሉም ተደምሮ 36 ቶን ይመዝናል። ይህም ሆኖ የከርሰ ምድር ውሃው ከወለሉ ግርጌ 1 ሜትር ከፍ ካለ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 37 ቶን ይደርሳል፤ ለጽዳት ተብሎ መስከረም ላይ የተደፋ ገንዳ ከቦታው የሚነሳው ወይም የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከወለሉ ሥር 20 ሳንቲሜትር ጠጠር መንጠፍ፣ ከጠጠሩም እስከ ላይ የሚወጣ ባለ 6 ኢንች የፒቪሲ ቱቦ መትከል ነው። ገንዳውን ከመድፋትዎ በፊት በቱቦው ውስጥ ውሃውን ያዩታል፣ ካለም በፓምፕ ይስቡታል።

አርማታ የሚያፈሰው በአብዛኛው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት መስመር ሲሆን፣ በተለያየ ቀን ከተሞሉ በመካከላቸው ውሃ ማገጃ ላስቲክ መግባት አለበት። ሌላው ፎርምወርኩን (አርማታው እስኪደርቅ ቅርጹን የሚይዘውን ሳጥን) ለማሰር ግድግዳውን በስቶ ያለፈ ሽቦ ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከ25 ሊትር በላይ ውሃ አይፍቀዱ፤ ሠራተኛው «ይለስልስ» ብሎ የሚጨምረው ጀሪካን ኋላ የሚሰርግ ግድግዳ ይሆናል።

ብሎኬት ፎርምወርክ ስለማይፈልግ ይረክሳል። ቀዳዳው ሁሉ በኮንክሪት ተሞልቶ፣ በየ40 ሳንቲሜትሩ ፌሮ ቆሞበት፣ ከውስጥ ውሃ በማያሳልፍ ልስን ሲለሰን ነው ገንዳ የሚባለው። ባዶ ብሎኬት ለአጥር ይሁን። እንደ በዛዊት ባለ ከፍ ያለና ድንጋያማ መሬት ላይ ብሎኬትን እንመርጣለን፤ በሐይቁ ዳር ባለው ዝቅተኛ ቦታ ግን አንመክረውም። ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ መጋጠሚያዎቹን ያላቅቃቸዋል። ዋልካ አውጥተው ገረጋንቲ በየ20 ሳንቲሜትሩ እየጠቀጠቁ ቢሞሉም፣ ዙሪያው ያው ዋልካ ስለሆነ ዝናቡ እዚያው ይታቆራል። ስለዚህ ማስወጫ ቱቦው እዚህም አይቀርም።

ፋይበርግላስ፣ ማለትም ፋብሪካ ላይ አንድ ወጥ ሆኖ ተሠርቶ የሚመጣው ገንዳ፣ ለስላሳ ነው፣ አልጌም ቶሎ አይይዘውም። ችግሩ ሁለት ነው። 40 ጫማ ኮንቴይነር የውስጥ ስፋቱ 2.35 ሜትር ብቻ ስለሆነ ባለ 4 ሜትሩ ገንዳ ተዘርግቶ አይገባም፤ ከወደብ እስከ ባሕር ዳር በልዩ ጭነት መምጣት አለበት። ክብደቱም 1 ቶን ገደማ በመሆኑ ባዶውን ለማንሳት ጥቂት ሳንቲሜትር ውሃ ይበቃዋል። ለሽምብጥ ዓይነት ሐይቅ ዳር የመጨረሻ ምርጫችን ነው።

ሸራ ሲባል ሁለት ነገር ይደባለቃል። ለመዋኛ የሚሠራው የፒቪሲ ሸራ (1.5 ሚሊሜትር፣ ውስጡ በክር የተጠናከረ) በአርማታ ወይም በብሎኬት ላይ ይለበጣል፤ ስንጥቅንም ይሸፍናል። ለመስኖ ኩሬ የሚነጠፈው ጥቁር ጂኦሜምብሬን ግን ለመዋኛ አይሁን። ተዳፋቱ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት የገባ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ መውጣት ያቅተዋል።

ማጠናቀቂያው ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ የግድግዳ ሴራሚክ አይግዙ፤ ውሃ መጥጦ ይረግፋል። ፖርሴሊን ወይም የመስታወት ሞዛይክ ለገንዳ በተሠራ ማጣበቂያ ይለጠፍ። ከመለጠፉ በፊት ገንዳውን ሞልተው 7 ቀን ያቆዩት። ውሃ የያዘ ባልዲ ደረጃው ላይ ያስቀምጡና ሁለቱ የቀነሱትን ያስተያዩ፤ ገንዳው ከባልዲው በላይ ከቀነሰ እያፈሰሰ ነው።