አፈር መውጊያው ብረቴ ከአሥር ወር በኋላ

ጥቅምት 2017 የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣልኝን ፔኔትሮሜትር ይኸው አሥር ወር ሠራሁበት። በአፈር ጤና ክትትል ጥናት ላይ የመስክ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ከአራት ኪሎ እስከ ግንፍሌ፣ ከቀበና ወንዝ ዳር እስከ ካዛንቺስ፣ የጓሮ አትክልት መደብ፣ የትምህርት ቤት ግቢና አዲስ ሣር የለበሰ ቦታ ላይ ስቆፍርና ስለካ እውላለሁ። የመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ በወረፋ ስለሚደርሰኝ የራሴን ገዛሁ። ከአንድ ወር ደሞዜ በላይ ወስዶብኛል።

ለማያውቁት፦ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ፣ 60 ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም የማይዝግ ብረት ነው፤ አናቱ ላይ እጀታና ክብ ጌጅ አለው። ቀስ ብላችሁ ወደ አፈሩ ስትገፉት አፈሩ ምን ያህል እንደተቋቋማችሁ ጌጁ በፒኤስአይ ያሳያል፤ ጎሚስታዎች ጎማ የሚለኩበት ያው ፒኤስአይ። እስከ 200 አረንጓዴ፣ እስከ 300 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ቀይ ነው። የአብዛኛው ተክል ሥር ከ300 በላይ በሆነ አፈር ውስጥ መግፋት ያቅተዋል። ሁለት ጫፍ አብሮት ይመጣል፤ ግማሽ ኢንቹ ለጠንካራ አፈር፣ ሦስት አራተኛው ለለስላሳ። ትልቁን እስከ ዛሬ ከላስቲኩ አላወጣሁትም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በከንቱ ነው ያባከንኳቸው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የዕቃው አይደለም። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር በየመደቡ እየዞርኩ ስወጋ ጌጁ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ ብቻ ነበር። ካዛንቺስ አካባቢ ጥቁር አፈር ላይ ዘንጉ አምስት ሴንቲሜትር እንኳ ሳይገባ 500 ነካ። ከዚያው መደብ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ስል ደግሞ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ እጀታው ሰመጠ፤ የደረቀው አፈር ተሰንጥቆ ኖሮ ስንጥቁ ውስጥ ነበር የገባሁት። ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ አስተካክዬ «አፈሩ በሙሉ ታጭቋል» የሚል ሪፖርት ይዤ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ሠንጠረዡን አላዩትም። «መጨረሻ የዘነበው መቼ ነው?» ብቻ አሉኝ።

አፈር ሲደርቅ ሁሉም ይጠነክራል፤ ጤነኛውም፣ የታጨቀውም። መለካት ያለበት ውሃ በደንብ ጠጥቶ ትርፉ ከወረደለት በኋላ ነው፤ ጥቁር አፈር ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ጥር ላይ 500 ያለኝ መደብ ሐምሌ ላይ ከላይኛው 15 ሴንቲሜትር 180 ብቻ ሰጠኝ። አሁን በበጋ መለካት ግድ ሲሆንብኝ ቦታውን ውሃ አጠጥቼ በማዳበሪያ እሸፍነውና በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ። (ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው። አንድ ተለማማጅ ዩሪያ ሊበትንብኝ ነበር።) ዕቃው ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታም ይኸው ነው፤ አብሮት የመጣው ወረቀት ስለ እርጥበት የሚያወራው በአንድ መስመር ብቻ፣ ያውም በስተመጨረሻ ነው።

የመሀል ከተማ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጡብ፣ የሲሚንቶ ፍርካሽ፣ የሴራሚክ ስባሪ ሞልቶበታል። ጌጁ በድንገት ሲዘልና እጄ ላይ ቋ የሚል ስሜት ሲሰማኝ ድንጋይ ነው፤ አልመዘግበውም፣ ነቅዬ ስንዝር ፈቀቅ እላለሁ። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወጥቶ እዚያው ከቆየ ግን እውነተኛ የታጨቀ ንብርብር ነው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ይወጣ ይወጣና ድንገት ይወድቃል። ወንዝ ዳር ሁለት ቦታ ስቆፍር ከሥሩ ያገኘሁት የተነባበረ ፌስታል ነበር።

ገንዘቤን አስመልሶልኛል የምለው ቀበና ዳር ጎመን የሚያለሙ አንዲት እናት መደብ ላይ ነው።

«ይሄ ብረትህ ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ።

«ከ20 ሴንቲሜትር በታች ጠንካራ ነው ይላል እማማ።»

«ይሄንንማ ዶማዬ ነግሮኛል።»

እውነታቸውን ነው። ዶማው ያልነገራቸው ግን ጠንካራው የት እንደሚያልቅ ነው። ዘንጉ 20 ላይ 340 ብሎ፣ 30 ሲያልፍ ወደ 210 ወረደ። ለዓመታት በአንድ ጥልቀት ሲቆፈር ዶማው ከሚያርፍበት በታች የተደለደለ ወለል ነው እንጂ አፈሩ እስከ ታች ድረስ እንዲያ አይደለም። ጉድጓድ ቆፍረን ስናይ የጎመኑ ሥር እዚያ ደርሶ እንደ ክርን ታጥፏል። ከዝናቡ በኋላ መደቡን ግማሹን ብቻ በመንሽ ወለሉን ሰብረውታል፤ ግማሹን ለማነጻጸሪያ ትተውልኛል።

ስለ ዕቃው ጥንካሬ፦ ዘንጉ አልጎበጠም፣ አልዛገም። መያዣ ቦርሳው በሁለተኛው ሳምንት ተቀደደ። ጫፉ በጥርስ የሚገባ ስለሆነ በጭቃ ይላላል፤ ግንፍሌ ላይ አንዱን አፈሩ ውስጥ አስቀርቼዋለሁ። ቶርኖ ቤት አስቀርጬ ተካሁት፤ መጀመሪያ የቀረጹልኝ ጫፍ በካሊፐር ሲለካ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ጎደለ። ትንሽ ይመስላል፤ ንባቡን ግን 8 በመቶ ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። መልሼ አሠራሁት።

ታክሲ ላይ ወያላው «ለብረቱም ይከፈላል» ይለኛል። የጥበቃ ሠራተኞች ፈንጂ ፈላጊ አድርገው ያዩኛል፣ ልጆች ወርቅ ፈላጊ። የወረዳ ደብዳቤ ሳትይዙ እንዳትወጡ።

ግንቦት ላይ ዕቃው ከደረጃ ወደቀብኝና የጌጁ መርፌ ምንም ሳይነካው 30 ላይ ቆሞ ቀረ። ወደ አንድ ጎሚስታ ወሰድኩት፤ አገላብጦ አይቶ «ይሄ ዘይት አለበት፣ ከከፈትኩት ይበላሻል» ብሎ መለሰልኝ። ላደረገው ሳይሆን ላላደረገው አመሰግነዋለሁ። መፍትሔውን ያገኘሁት ፒያሳ መንገድ ዳር ሰው ከሚመዝን ልጅ ዘንድ ነው። በግማሽ ኢንቹ ጫፍ 300 ፒኤስአይ ማለት ወደ 27 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ነው። ሚዛኑ እንዳይበሳ እንጨት አስቀመጥንበት፣ ልጁ የሚዛኑን መርፌ ዜሮ ላይ መለሰው፣ እኔ ጌጁ 300 እስኪል ገፋሁት። ሚዛኑ 24 አለ። 24 ኪሎ ማለት ደግሞ 270 ነው፤ ስለዚህ ጌጁ ዜሮ ላይም 300 ላይም ያው 30 ይጨምራል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ንባብ 30 እቀንሳለሁ።

ሊገዛ ለሚያስብ፦ አንድን መደብ ከአምናው፣ ወይም የተቆፈረውን ካልተቆፈረው ለማነጻጸር ከሆነ ግዙ። የሚለካው ሰው አንድ ይሁን፤ እኔና ባልደረባዬ ያው መደብ ላይ እስከ 60 እንለያያለን፣ እሱ ቸኩሎ ይገፋል። ስለ ኮምጣጣነት፣ ስለ ብስባሽ ወይም ስለ አፈር ነፍሳት እንዲነግራችሁ ከፈለጋችሁ ግን አይነግራችሁም።

ሚዛኑ ጋ በየወሩ እመለሳለሁ፣ የአንድ ሰው ሂሳብ እከፍላለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጁ ራሱ እንጨቱን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አሁንም 24 ነው።